በከንፈር የተነበበ ስም

አልጋው ግን ለምን ውጭ ነበር፣ የሜብ እናት አልጋ፣ ፍራሹ የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ፣ ቁም ሣጥኑ ጭቃ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ አሮጊቷ መንገድ ዳር ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እንዴት አደርሽ ዶቪ፣ አለችኝ ዛሬ ጠዋት ስታየኝ፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ እኔም እግዜር ይመስገን እማማ ብዬ አለፍኩ፣ ቆሜ እንኳ ምን ሆናችሁ አላልኩም፣ ምን ልበላት፣ ልጅሽን ትናንት አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ ልበላት። ዕቃውን ያወጡት የፋብሪካው ዘበኞች ናቸው፣ ቤቱ የፋብሪካው ነው፣ የሁላችንም ቤት የፋብሪካው ነው፣ ያደመ ሰው ቤት የለውም ተብሏል፣ እሺ፣ እሱ ይገባኛል፣ ግን ሜብን ለምን። ጆሮ ጠቢያቸው ከሆነ ለምን። የምትታለብ ላሙን ከበረት የሚያባርር ሰው አለ እንዴ።

ይኖራል። ለማስመሰል። አዎ፣ ለማስመሰል ነው፣ ተንኮለኞች አይደሉ።

ተይ ዶቪ። ተይ እንጂ።

ሜብን ያቆሙት ሜዳው መሃል ነው፣ ቤዝቦል ሜዳው፣ ኳስ ወርዋሪው የሚቆምባት ጉብታ ላይ፣ መነጽሩ የለም፣ ወይ ወድቋል ወይ ረግጠውታል፣ ያለ መነጽር የሜብ ፊት የሌላ ሰው ፊት ነው፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሕፃን ፊት፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦታል፣ መንደሩ በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ እኔ ከሁሉ ኋላ አጥሩ ሥር ከፍ ባለው ድንጋይ ላይ፣ ከፊቴ የሰው ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ። ከሬንጁ በርሜል ሥር እሳት አንድደዋል፣ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ሬንጁን ብቻ ቢቀቡት እሺ፣ በሬንጅ ሰው ይላጣል እንጂ አይሞትም፣ ገመዱን ግን ለምን አመጡት። ሆይት፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ እጁን አንስቶ ረጋ በሉ ይላል፣ ረጋ በሉ ጎበዝ፣ መጀመሪያ ይናገር። ምን ይናገራል ይሄ እባብ፣ ይላል አንዱ፣ ወደ ድልድዩ ይወሰድ፣ ካርል የወደቀበት ይንጠልጠል። ወደ ድልድዩ፣ ወደ ድልድዩ። የሜብን ግራ ክንድ ወደ ኋላ ጠምዝዞ የያዘው ወንድሜ ነው፣ ቤብ፣ ታናሼ።

እሱ ነው የያዘው። እዩልኝ።

ካርል የኦሊታ ባል ነበር፣ አሁን የማንም ባል አይደለም፣ ኦሊታ ደግሞ የእኔ፣ ምን ልበላት፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ከፊት ለፊቴ የቆመች፣ ከእናቴ ፊት ይልቅ የእሷን ፊት ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት በጭነት መኪና ወደ ፒክስሊ ወጣን፣ የፒክስሊ ፋብሪካ ገና አላደመም፣ ሄደን የሽመና መኪናዎቹን እናስቁም ተባለ፣ በዋናው መንገድ ሳይሆን በአሮጌው ድልድይ በኩል፣ ይሄን የምናውቀው በስብሰባው የነበርን ብቻ ነን፣ እኔ፣ ኦሊታና ካርል፣ ሆይት፣ ሜብ፣ ቤብ፣ ሌሎችም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወታደሮቹ ሳንጃ ሰክተው ተሰልፈዋል፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተሰልፈው ይጠብቁናል። ካርል ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ እባካችሁ ልጆች አላቸው፣ እውነትም ልጆች ናቸው፣ የዚሁ የካሮላይና ገበሬ ልጆች፣ ከዚያ ያ የጥይት ድምፅ፣ ካርል ኮፍያውን እንደያዘ ተቀመጠ፣ ቁጭ አለ፣ እንደ ደከመው ሰው። ኦሊታ አልጮኸችም። እኛ አንጮህም፣ ሸማኔ መጮህ አይለምድበትም።

ሽመና ክፍል ውስጥ መኪናዎቹ ከተነሱ እግዜር ቢጠራህም አትሰማ፣ ስለዚህ በከንፈር እናወራለን፣ ድምፅ ሳናወጣ አፋችንን ሰፋ አድርገን፣ ሐሜቱን፣ የእርግዝናውን ወሬ፣ የእሑዱን ስብከት፣ ቀልዱን ሁሉ በከንፈር፣ ከተማ ስንወርድ ሱቅ ውስጥ ይስቁብናል፣ እነዚያ አፋቸውን እንደ ዓሣ የሚከፍቱት መጡ ይሉናል። «መ» እና «በ» የሚሉት ፊደሎች ግን ያስቸግራሉ፣ ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ ነው የሚወጡት፣ ለዓይን አንድ ናቸው። አንዴ ኦሊታ ከመኪናዋ ማዶ እማማ ሞቱ ትለኛለች፣ እናቷን ነው፣ እኔ ያየሁት አባባ ሞቱ፣ ማታውን ጥቁሬን ለብሼ፣ የበቆሎ ቂጣና አደንጓሬ ይዤ፣ ወይኔ አባባ፣ ወይኔ አባባ፣ እያልኩ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ አባባ ራሳቸው። እኔ ገና ነኝ ልጄ፣ ግቢ፣ አሉኝ። ለቅሶው በሳቅ ተበጠበጠ፣ ኦሊታ እንባዋን እየጠረገች ስትስቅ ወንበር ይዛ ነበር። ለዚህ ነው ስም ሲጠራ ተጠግተሽ ጆሮ ላይ ጩኺ የሚባለው፣ ሕጋችን ነው፣ በሽመና ጎበዝ የሆነች አዲስ ልጅ እንኳ ስትገባ መጀመሪያ የምንነግራት እሱን ነው።

ትናንት ረሳሁት። ረሳሁት?

ትናንት ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ቆመናል፣ በመንገዱ ወዲህ እኔ፣ በወዲያ ኦሊታ፣ ስትራውድ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ከቢሮው መስኮት ኋላ ከወታደሮቹ አዛዥ ጋር ሲጋራ ያጨሳል። መስታወቱ ዝግ ነው፣ ስለዚህ የልቡን ያወራል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሸማኔ ሲያዝ ኖሮ ሸማኔ በምን እንደምትሰማ ያልገባው ሰው። አዛዡ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ የጠየቀውን አላየሁም፣ ስትራውድ ሲመልስ ግን ፊቱ ወደ እኔ ነው፣ ድልድዩን የነገረን ሜብ ነው። ከንፈሩ ገጠመ፣ ተከፈተ፣ ገጠመ። ሜብ። ከዚያ ሳቀና በእጁ አንድ ነገር አደረገ፣ ምን እንዳደረገ ተይው አሁን፣ እኔ ወዲያው ወደ ኦሊታ ዞሬ፣ መንገዱን ሳልሻገር፣ በከንፈሬ፣ ሜብ ነው፣ ካርልን ያስበላው ሜብ ነው። አነበበችው። ዞራ ወደ ሆይት ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ ከእኔ አፍ ድምፅ እንኳ አልወጣም።

ሜብ ደግሞ ይመስላል፣ ሁሉም ሰው እኮ ነው ይመስላል ያለው፣ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነው፣ ከአለቆቹ ጋር ይነጋገራል፣ መፍቻውን ለሰው አያውስም፣ ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላ፣ ማኅበሩ ሲመሠረት ላስብበት ብሎ ከሁሉ ኋላ ነው የገባው፣ እንዲህ ያለ ሰው ይጠረጠራል፣ ምን ያድርጉ። አንዴ መኪናዬ ክር እየበጠሰ ቀኑን ሙሉ ሲያስለቅሰኝ ሳይጠራ መጥቶ፣ ዝም ብሎ ከሥሩ ገብቶ፣ ዝም ብሎ ሠርቶት፣ ዝም ብሎ ሄደ። አመሰግናለሁ ስለው እንኳ አላየኝም።

አሁን ያስታወስኩት ለምንድን ነው።

የፋብሪካው በር ላይ ሰማያዊ ንስር አሁንም ተለጥፏል፣ የመንግሥት ወረቀት፣ አሁን ከዚህም ይታየኛል፣ ዝናቡ ጥግ ጥጉን ልጦታል። አምና ሲለጠፍ አለቀስን፣ ከደስታ፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ በሬዲዮ ስምንት ሰዓት ትሠራላችሁ፣ ማኅበር ታቋቁማላችሁ ብሎናል፣ ማን ሊነካን። ስምንት ሰዓት ሠራን አዎ፣ በስምንቱ ሰዓት የአሥራ ሁለቱን ሥራ፣ አንዷ ሴት የሁለት ሴት መኪና ያዘች፣ ማለጠጥ እንለዋለን፣ እንደ ላስቲክ ይለጥጡሻል፣ እስክትበጠሺ፣ ቀና ስትዪ ሰዓት ያዥ አጠገብሽ ቆሞ እጅሽን ያያል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበር፣ ሣጥን ላይ ቆሜ ክር ስቀጥል ከሰሜን አንዲት ደግ ሴት ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች፣ ዕድሜሽ ስንት ነው አለችኝ፣ አሥራ ሁለት በይ ብለውኛል፣ አሥራ ሁለት አልኩ፣ አልቅሳ ሄደች፣ ሕፃን አይሠራም የሚለው ነገር እዚህ ሲደርስ እኔ ሣጥኑ አያስፈልገኝም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አባቴ አያማርርም ነበር። አባቴ በወታደርነቱ ቻይና የዘመተ ነው፣ ቻይኖቹ የውጭ ሰው ይውጣልን ብለው የተነሱ ጊዜ፣ ለምን ሄድክ ስንለው በር ልንከፍት ይላል፣ የማንን በር፣ የእነሱን፣ ምን ሊገባበት፣ የእኛ አቡጀዴ ሊገባበት ነዋ። ደግሞም ገባ፣ እኔ ሥራ ስጀምር የምንሸምነው አቡጀዴ ዘንዶ እየታተመበት ወደዚያው ነበር የሚጫነው፣ አባቴ ጥቅሉን እንደ ልጁ በእጁ መታ መታ ያደርገው ነበር። ከዚያ ቻይኖቹ የአሜሪካ ጨርቅ አንገዛም ብለው አደሙ፣ ፋብሪካው ሥራ ፈትቶ ከረመ፣ ጋዜጣው ሲነበብለት አባቴ፣ ለካ እነሱም ማደም ያውቃሉ፣ አለ። ስለ ተኮሰባቸው ሰዎች ያወራው ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱ በር ላይ ቆሞ እጁን እንዲህ ዘርግቶ ነበር አለ። ከኋላው ቤተሰብ ነበረው።

ዛሬ ማንም ምንም አይገዛም፣ ቻይናም ሌላውም፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ጥቅሉ መጋዘን ውስጥ አይጥ ይቅመዋል፣ በሰው አገር በር የሚከፍት ወታደር እዚህ መጥቶ መንገድ ይዘጋል፣ እና እኛ፣ እኛ አንድ ሰው ይዘን ቆመናል።

ይዘውታል፣ ቤብ ክንዱን ከፍ አደረገው፣ ሜብ ጎበጠ። ያን ያህል ለምን ትጠመዝዘዋለህ አንተ። አያመልጥ። ቤብ ከሁሉም በላይ ይጮሃል፣ ካርልን፣ ካርልን አስታውሱ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል፣ ያን አንገት እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እናቴ እሱን ስትወልድ ሞተች፣ እኔ በመኪናዎቹ መካከል በጥጥ ቅርጫት አስተኝቼ ነው ያሳደግኩት፣ ያ ሁሉ ነጎድጓድ እያለ ይተኛል፣ መኪናው ሲቆም ነው የሚያለቅስ፣ ፀጥታ ያስፈራዋል። ተርማን ነው ስሙ፣ ተርማን ያለው ግን የለም፣ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ቤብ አልነው፣ ቤብ ቀረ። አለቆቹም ቤብ ነው የሚሉት። ስትራውድ ራሱ፣ የፋብሪካው ቡድን ሲጫወት ከፊት ወንበር ላይ ቆሞ፣ በለው ቤብ፣ ወርውር ቤብ፣ ይላል፣ እሑድ ሲያሸንፍ ሰኞ ቀላል ሥራ ይሰጠዋል፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይቀናም፣ እንዲህ የሚወረውር ልጅ እዚህ አገር አልታየማ።

ወርውር ቤብ።

ስትራውድ ስሙን ከጠራ በኋላ ሳቀ፣ ከዚያ የእጁን አንጓ እንዲህ አደረገ፣ እጥፍ ዘርጋ፣ ትንሽ፣ ሲጋራውን እንደያዘ። አመድ ማራገፉ ነው። አመድ እንዲህ አይራገፍም። ኳስ ነው እንዲህ የሚወረወር፣ ለአዛዡ እያሳየው ነው፣ ያ ልጅ እኮ ነው፣ ያ ወርዋሪው። ሜብ ኳስ ይዞ አያውቅም።

አየሁት። ትናንትም አይቼዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የቤብ ቤት ዕቃ አልወጣም። ከእሱ ወዲህ ያለው ወጥቷል፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ወጥቷል፣ የእኔ ወጥቷል፣ የእሱ መጋረጃ ግን እንደተሰቀለ ነው፣ ሚስቱ በመስኮት ሕፃኑን ይዛ አየችኝ፣ ጎንበስ አለች፣ ዕድለኞች ናቸው አልኩ፣ እንዲህ ነው ያልኩት፣ ዕድለኞች። ለምን ቤብ። እኔ አውቃለሁ ለምን፣ ሕፃኑ ደረቱ እያፏጨ፣ ክረምቱ እየመጣ፣ ስትራውድ ትከሻው ላይ እጁን ጥሎ፣ ማንም አይነካም ልጄ፣ ከድልድዩ ይመለሳሉ፣ በቃ፣ ደግሞ ለእነሱም ይሻላል፣ ብሎታል፣ እሱም አምኖታል፣ ቤብ የወደዱትን ሰው ያምናል። ካርል ሲቀመጥ ያስመለሰው እሱ ነበር። ሐዘን መስሎኝ ጀርባውን ያዝኩለት። ሐዘንም ነው። ወንድሜ ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው፣ እግዜር ሆይ፣ ፈሪና ክፉ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ እንደ «መ» እና «በ»።

አሁን ገመዱን ሜብ አንገት ላይ አደረጉ። ሆይት ቆይ፣ ቆይ ይላል፣ ማንም አይሰማውም። ኦሊታ ወደ ፊት ወጣች፣ በእጇ መወርወሪያውን የሚመታው የመኪናዋ ዱላ አለ፣ አድመን ስንወጣ ይዛው የወጣችው፣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት፣ ንገረኝ ሌስተር፣ ትለዋለች፣ በራሱ ስም፣ ሜብ የቤተሰቡ ስም ነው፣ ስንት ዓመት አብረን ሠራን፣ ምን አደረግኩህ። ሜብ ግን በሕዝቡ ራስ ላይ ያየኛል። ያለ መነጽር ያየኛል? ወደ እኔ ነው የሚያየው፣ አፉን ሰፋ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እኛው በምናወራበት፣ እናቴ ዝናብ ላይ ናት። ያንኑ ደገመው፣ እናቴ ዝናብ ላይ ናት፣ አስገቧት። እኔ አይደለሁም እንኳ አይልም። ማሩኝ አይልም። የሚያስበው ያንን ነው።

ልሂድ። አሳልፉኝ፣ እባካችሁ፣ አሳልፉኝ፣ ጀርባቸው አይሰማም፣ አንዱ በክርኑ መለሰኝ፣ አትገፊ እትዬ፣ ሁላችንም ማየት እንፈልጋለን። ወደ ድንጋዩ ተመለስኩ። ኦሊታ። ኦሊታ ወደዚህ እዪ። ወደዚህ። አየችኝ። አየችኝ፣ አሁን፣ አፌን ከፍቼ፣ በደንብ፣ ሰፋ አድርጌ፣ ሜብ አይደለም፣ ቤብ ነው።

ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ ይላል ከንፈሯ፣ አውቃለሁ፣ ሜብ ነው።

አይ ኦሊታ። ቤብ። ቤብ ነው። አዎ፣ ሜብ፣ ነገርሽኝ እኮ፣ ይዘነዋል፣ ትለኛለች።

እና አሁን፣ ጌታዬ፣ ይሄን ማንም አይሰማውም፣ ለራሴ ልንገር፣ ከልቤ ውስጥ አንድ ነገር እፎይ አለ። ተናገርኩ አይደል። እውነቱን በአፌ ተናገርኩ፣ ካልገባት ምን ላድርግ፣ እጄ የለበትም፣ ወንድሜም ይተርፋል፣ እኔም ንጹሕ ነኝ። ወንድሜ ነው ማለት ስችል። ወንድሜ የሚለውን ከንፈር ማንም በሌላ አይስተውም። ታናሼ ማለት እችል ነበር። ወይም ወርዋሪው። ስንት ቃል እያለ እንደማይነበብ የማውቀውን መረጥኩ፣ ትናንትም መረጥኩ ዛሬም መረጥኩ። አንቺ። ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ።

ከተናገርኩ ገመዱ ወደ ማን አንገት ይሄዳል። ወደዚያ እኔ ወዳጠብኩት አንገት። ኦሊታ ዱላውን ትይዛለች፣ ወንድሜን በምን አስጥለዋለሁ፣ ሆይት ያስጥለው ይሆናል፣ ላያስጥለውም ይችላል፣ ሕፃኑስ፣ ዝም ካልኩ ደግሞ አሮጊቷ ነገም መንገድ ዳር እንዴት አደርሽ ዶቪ ትለኛለች፣ እኔም እግዜር ይመስገን እላለሁ፣ ከነገ ወዲያም፣ ዕድሜዬን ሙሉ፣ ቤብ እሑድ እራት ላይ ከፊቴ ተቀምጦ ቂጣ ሲቆርስ እጁን አያለሁ፣ የሰው ክንድ የጠመዘዘውን እጅ። እየጎተቱት ነው። ከጉብታው ወረዱ። የሜብ ጫማ አንዱ ቀረ።

ደረቴ ጥጥ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የዋጥኩት ጥጥ፣ ድምፅ ከየት ይመጣል፣ ጮኼ አላውቅም፣ እናቴ ስትሞት አልጮኽኩም፣ ካርል ሲሞት አልጮኽኩም፣ አንድ ትንፋሽ፣ እስከ ሆዴ ድረስ፣ ያመኛል፣ ይመመኝ፣

ቤብ

ይሄ የእኔ ድምፅ ነው? እንዲህ ወፍራም ነው እንዴ፣ ጀርባዎቹ ሁሉ ፊት ሆኑ፣ ሰው ሁሉ ዞረ፣ ኦሊታ ዞረች፣ ሜዳው ፀጥ አለ፣ ቤብ ፀጥታ ያስፈራዋል፣ ድልድዩን የነገረው ቤብ ነው፣ ስትራውድ ቤብ ነው ያለው፣ ወንድሜ ነው፣ ሰማችሁ፣ የእናቴ ልጅ፣ ሰውየውን ልቀቁት፣ ቤብ ነው እላለሁ፣ ቤብ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ፣ እንደ ጥሪ ሆኖ ወጣ፣ እራት ደርሷል ና እንደሚባል፣ እሱም የሜብን ክንድ ለቀቀ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቀና ብሎ ፈለገኝ፣ አገኘኝ፣ ሁሉም እያየው፣

አቤት እትዬ፣ አለ።